ከዐረብ አገር የተመለሱ እጆች
በደሴና በኮምቦልቻ ያልተቆጠረው ሀብት



በዚህ እትም የምናብራራው ጉዳይ ከማናችንም ቤት የራቀ አይደለም። በደቡብ ወሎ ልጁ፥ እኅቱ ወይም ጎረቤቱ ወደ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ስለ አካሄዳቸው ብዙ ተነግሯል፤ በዚያ ስለ ደረሰባቸው መከራም ብዙ ተጽፏል። ተመልሰው ከመጡ በኋላ በእጃቸው ስላለው ሙያ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኅታችን ደሴ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርድ የሚጠብቃት ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነው። ሻንጣዋ ትንሽ ከሆነ «ባዶ እጇን መጣች» ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ከተመላሾች ጋር ስንሠራ የተረዳነው፥ ገንዘብ ሳይዝ የመጣ ሰው ሙያ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ነው። ይህ ሙያ ታይቶ ሥራ ላይ ካልዋለ ግን ብዙዎቹ ያንኑ የበረሃና የባሕር መንገድ እንደገና ይጀምራሉ። ስለዚህ ነገሩ የሰው ሕይወት ያለበት ነውና በጥሞና እንድታነቡልን እንለምናለን።

ስደቱና መመለሱ

ወሎዬ ለእንጀራ ብሎ አገር ማቋረጡ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፥ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ የሚዘልቀው መንገድ ለብዙ ዘመን ጎልማሶችን ወደ ወደቡ የቀን ሥራ ሲያደርስ ኖሯል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ ለቀማ ሲደርስም ከደጋው የሚወርደው ሰው ብዙ ነበረ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረኃብ የሚያስታውሱ አረጋውያን አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ለሠፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ሕዝብ፥ በዐረብ አገር ሥራ አለ ሲባል ጆሮውን ቢሰጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

አካሄዱ ሁለት ዓይነት ነው። ሴቶቹ በብዛት በአውሮፕላን ለቤት ሠራተኛነት ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ በሕጋዊ ውል፥ አንዳንዶቹ ደግሞ በደላላ። ወንዶቹና ከሴቶቹም ብዙዎች በአፋር በረሃ በእግርና በመኪና አልፈው ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ይሞክራሉ። በዚህ መንገድ የቀሩትን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

መመለሱ ግን ብዙ ጊዜ በፈቃድ አልነበረም። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሲያበቃ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተላኩ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሌላ ዐዋጅ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት የተመለሱት ከ200,000 በልጠዋል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ሌሎች 100,000 ያህል ሰዎች እንዲመለሱ ተስማሙ። ከእነዚህ መካከል ስንቶቹ ከማቆያ ጣቢያ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን እንደ ገቡ፥ የሠሩበትን ደመወዝ ሳይቀበሉና ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ እንደ መጡ ከራሳቸው አፍ ሰምተናል።

የመጡበት አገርም ሰላም ያገኘ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ፋብሪካዎችና የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በብዙ ተስፋ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሥራው ተስተጓጎለ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የመግባት ዕድሏን ስታጣ፥ ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ ለሚልኩ ፋብሪካዎች ሁለተኛ ጉዳት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት ደግሞ መንገድንና ንግድን አወከ። እንግዲህ «ለምን ፋብሪካ አይቀጠሩም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል።

በእጃቸው ያለው ምንድን ነው?

ተመላሾቹን «ሙያ አላችሁ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ አብዛኞቹ «የለንም» ይላሉ። በተለይ እኅቶቻችን «እኔ እኮ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ» ብለው ዐይናቸውን ይሰብራሉ። ቀስ ብለን የዕለት ሥራቸውን በሰዓት ከፋፍለን ስንጠይቅ ግን ብዙ ነገር ይወጣል።

አንደኛ፥ የቤት አያያዝ ሙያ ነው። ዐሥርና ዐሥራ አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ማቅረብ፥ በረመዳን ወር ደግሞ ለማታው ማዕድ በርካታ ዓይነት ምግብ በአንድ ሰዓት ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ሩዝ በሥጋ፥ ሳምቡሳ፥ ልዩ ልዩ ዳቦና ጣፋጭ መሥራት ለምደዋል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን፥ ካውያና የጽዳት መድኃኒቶችን መለየት፥ የትኛው ጨርቅ በምን ሙቀት እንደሚተኮስ ማወቅ የእነርሱ ዕውቀት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች የሚፈልጉት ሠራተኛ ይህን የሚያውቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ሕመምተኛና አረጋዊ የመንከባከብ ሙያ ነው። ብዙዎቹ የስኳር ሕመምተኛ አዛውንትን ደም በመሣሪያ ለክተዋል፤ መድኃኒት በሰዓቱ ሰጥተዋል፤ መነሣት የማይችል ሰው ቁስል እንዳያወጣ እያገላበጡ አጥበዋል። አራስና ሕፃንም አሳድገዋል። በእኛ ከተሞች ልጆቻቸው በሩቅ የሚኖሩ አረጋውያን ቁጥር እየጨመረ ነው፤ የሚጦራቸው ሰው ግን የለም።

ሦስተኛ፥ የግንባታ ሙያ ነው። ወንድሞቻችን በሳዑዲ ከተሞች ሴራሚክ አንጥፈዋል፥ ጂፕሰም ሠርተዋል፥ ቀለም ቀብተዋል፥ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ዘርግተዋል፥ አሉሚኒየምና ብረት ገጥመዋል። በዚያ የተማሩት ትልቁ ነገር ልክ መጠበቅ ነው፤ ውሃ ልክ ሳያስቀምጡ ሴራሚክ አለማንጠፍ፥ ግድግዳ ሳይዘጋ በፊት ቧንቧው እንዳያፈስ በግፊት መፈተሽ የመሳሰለው።

አራተኛ፥ የእርሻና የእንስሳት ሙያ ነው። በበረሃ ግመልና ፍየል የጠበቁ፥ በጠብታ መስኖ አትክልትና ቴምር ያለሙ አሉ። የጠብታ መስኖ ቧንቧ ሲደፈን እንዴት እንደሚጠረግ የሚያውቅ ሰው በቦርከና ዳር አትክልት ለሚያለሙ ገበሬዎች ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር የዐረብኛ ቋንቋ አለ፤ ሰዓት አክብሮ መሥራት አለ፤ በማያውቁት አገር ብቻ ቆሞ ችግርን መፍታት አለ። በወረቀት ባይጻፍም ይህ ሁሉ ሙያ ነው።

ሙያው ለምን ይታሰራል?

በእጅ ያለ ሙያ ወደ ገበያ የማይወጣበትን ምክንያት በሥራችን ስንመረምር አምስት ነገር አግኝተናል።

1. ማስረጃ የለውም። በደላላ የሄደ ሰው ውልም የሥራ ምስክር ወረቀትም የለውም። በዐዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው በሙያው የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። የሚሄደው እንዲህ ሲመዘን፥ ስድስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰው ግን ራሱ ሄዶ ካልጠየቀ በቀር የሚመዝነው የለም። በልምድ ሙያ ያገኘ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ የብቃት ምዘና መውሰድ እንደሚችል የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ምዘናው የተግባርም የጽሑፍም ፈተና ስላለው፥ ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች እኅት በተግባሩ እየበለጠች ጽሑፉን ትፈራለች።

2. መሣሪያና ኃይል ይጎድላል። በዚያ የሠሩት መብራትና ውሃ በማይቋረጥበት ቤት፥ አሠሪው ባቀረበው ማሽን ነው። እዚህ መብራት ሲጠፋ የልብስ ማጠቢያው ይቆማል። ሴራሚክ ቆራጩም የራሱ መቁረጫ ከሌለው የሰው ረዳት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሙያው ከአገሩ ሁኔታ ጋር እንዲስማማ ጥቂት ማስተካከያ ያስፈልገዋል።

3. ገንዘቡ በሰው ስም ነው። ይህን ደጋግመን ስላየን በግልጥ እንናገራለን። ልጅቱ ለዓመታት የላከችው ገንዘብ የአባት ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፥ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ሆኗል፥ የደላላ ዕዳ መክፈያ ሆኗል። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም በስሟ የተቀመጠ አንድ ብር ስለሌለ፥ የምታውቀውን ሙያ የምትጀምርበት መነሻ የላትም።

4. ብድሩ አይስማማም። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ የዛሬው ፀደይ ባንክ፥ ለብዙ ዓመታት በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ብዙ ዘመን ውጭ የኖረ ሰው ግን በቀበሌው የሚያውቀው ስለሌለ ዋስ የሚሆነው ቡድን አያገኝም። ደግሞም ከተመላሾቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ወለድ አይወስዱም። ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዳላቸው ሊነገራቸው ይገባል።

5. ልብ ተሰብሯል። የተደበደበ፥ የታሰረ፥ በባሕር ላይ ወዳጁን የቀበረ ሰው በማግሥቱ ሱቅ ክፈት ቢባል አይችልም። እንቅልፍ የማይወስደው፥ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ አለ። ይህ ስንፍና ሳይሆን ቁስል ነው፤ ቁስልም ጊዜና ሕክምና ይፈልጋል።

ሲፈታ ያየናቸው

በኮምቦልቻ የምናውቃት አንዲት እኅት ዐረብ አገር ሳለች የቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ከተመለሰች በኋላ ለዶሮ እርባታ ሥልጠና ተመዝግባ ነበር፤ ዶሮ ግን አትወድም። ምን እንደምታውቅ ስትጠየቅ ሳምቡሳና ጣፋጭ መሥራት እንደምትችል ተናገረች። በዕቁብ ባገኘችው ገንዘብ መጥበሻና ምድጃ ገዝታ ጠዋት ጠዋት ለሻይ ቤቶች ታስረክብ ጀመር። በመብራት ብቻ እንዳትታሰር ምድጃዋን በከሰልም እንዲሠራ አድርጋዋለች። ትርፉ ትልቅ አይደለም፤ የቤት ኪራይዋን ግን ትከፍላለች፥ ሁለት ልጆችም ታስተምራለች።

በደሴ ደግሞ ሴራሚክና ጂፕሰም የሚሠሩ ሦስት ወንድሞች መሣሪያቸውን አንድ ላይ ገዝተው ይሠራሉ። ሥራ ያገኙት በማስታወቂያ አይደለም። የመጀመሪያውን የአንድ ክፍል ወለል አሳምረው ሲጨርሱ የቤቱ ባለቤት ለጎረቤቱ ነገረ፤ ሥራውም እንዲሁ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ከሦስቱ አንዱ የብቃት ምዘናውን አልፏል፤ ስለዚህ ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ በእርሱ ስም ይዋዋላሉ።

ሁሉ ግን አልተሳካም። በአንድ ሰፈር አራት ተመላሾች በአንድ ወር የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈቱ፤ ገበያው ለአራት አልበቃም፤ ሁለቱ ዘጉ። ከሁለቱ አንዷ ዛሬ በመካከላችን የለችም፤ ተመልሳ ሄዳለች። ሙያ ብቻውን አይበቃም፤ ደንበኛ መኖሩ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የሥልጠና ዝርዝር አዘጋጅተን ሰውን ከመጥራታችን በፊት ሰውዬው የሚያውቀውን እንጠይቅ። የሚከተሉት ጥያቄዎች በሥራ ላይ ጠቅመውናል፦ በዚያ ጠዋት ስትነሺ እስከ ማታ ምን ምን ትሠሪ ነበር? በምን መሣሪያ? ማንም ሳያዝሽ ብቻሽን የምትጨርሺው ሥራ የትኛው ነው? መሣሪያው ሲበላሽ ምን ታደርጊ ነበር? ሌላ ሰው አስተምረሻል ወይ? ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ብትመረጪ የምትወጂው የትኛው ነው?

ከዚያም አንድ ሳምንት በሚታወቅ ምግብ ቤት ወይም ባለሙያ ዘንድ ሠርታ እንድትታይ ማድረግ ይጠቅማል። ባለሙያው የጎደለውን ይነግረናል፤ ሥልጠናውም የሚሰጠው ለጎደለው ብቻ ይሆናል፤ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል። በደሴ ያለው የወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የመሳሰሉት ተቋማት ለዚህ መልካም ጎረቤቶች ናቸው። የጽሑፍ ፈተና ለሚፈሩት ማታ ማታ የማንበብ ትምህርት መስጠት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

የሌላ አገር ልምድም ያስተምራል። ብዙ ዜጎቿን ለቤት ሥራ ወደ ውጭ የምትልከው ፊሊፒንስ የቤት ሥራን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጋ ብሔራዊ የምስክር ወረቀት ትሰጥበታለች። የዓለም የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2003 ዓ.ም. የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል። የቤት ሥራ ሥራ እንደ ሆነ ዓለም ከተቀበለ፥ እኛም በመዝገባችን «ሙያ፦ የለም» ብለን መጻፍ አይገባንም።

ለምእመናን

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ስለ አቂላና ስለ ጵርስቅላ እናነባለን። እነዚህ ባልና ሚስት በንጉሥ ትእዛዝ ከሮም የተባረሩ ተመላሾች ነበሩ ማለት ይቻላል። ወደ ቆሮንቶስ ሲመጡ ምን ንብረት እንደ ያዙ አልተጻፈም፤ ሙያቸው ግን ተጽፏል፤ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ጳውሎስም ሙያቸው አንድ ስለ ሆነ ከእነርሱ ጋር ተቀመጠና ሠራ። የተባረሩ ሰዎች ሙያ ለሐዋርያው መጠጊያ፥ ለወንጌልም መንገድ ሆነ። ጳውሎስ ስንት ገንዘብ እንዳመጡ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? መጀመሪያ አንደበታችንን እንግታ። «እገሊት እኮ ፎቅ ሠራች» እያልን የተመለሰችውን አናሳዝናት። ቪዛ ለማግኘት ስማቸውን ለውጠው የሄዱ ክርስቲያን እኅቶች አሉ፤ ተመልሰው ወደ ጉባኤ ሲመጡ በጥርጣሬ አንያቸው። በዚያ ሆነው በድብቅ የጸለዩትን ጸሎት እኛ በነፃነት ተቀምጠን አልጸለይነውም። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ ለጸሎት በአንድ ቤት ተሰብስበው የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን መታሰራቸውን፥ ከወራትም በኋላ ወደ አገራቸው መላካቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለውን ያሳለፉ ሰዎች በጸሎት ቡድናችን የሚያስተምሩን አላቸው።

ሁለተኛ፥ ሥራ እንስጣቸው። የሚታደስ ቤት ያለው ሰው ሴራሚክ አንጣፊውን ይጥራ፤ ሠርግ ያለበት ምግብ አብሳይዋን ይዘዝ፤ የታመመች እናት ያለችው አስታማሚዋን በተገቢ ደመወዝ ይቅጠር። ቦዔዝ ለሩት እህል ከመስጠቱ በፊት እርሻውን ከፈተላት፤ እንዳያሳፍሯትም አጫጆቹን አዘዘ። ሥራ የሰጠና ከኀፍረት የጠበቀ ሁለቱን አደረገ። ይህን ስናደርግ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ይሁን፤ ወሎ አንድ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት አገር ነውና።

ሦስተኛ፥ ልጁ ዛሬም በውጭ ያለችበት ቤተ ሰብ ይምከር። ከምትልከው ውስጥ ጥቂት እጅ በራሷ ስም በባንክ እንዲቀመጥ አሁኑኑ ተስማሙ። ቤት የምትሠሩ ከሆነ የእርሷ ድርሻ በጽሑፍ ይታወቅ። ይህን ማድረግ አለመተማመን አይደለም፤ በምትመጣበት ቀን በራሷ ቤት እንግዳ እንዳትሆን ነው።

አራተኛ፥ ልቡ የተጎዳውን ብቻውን አንተወው። መጸለይ ይገባል፤ ወደ ሐኪም ማድረስም ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የጸሎት ርእሶች

• በአሁኑ ሰዓት በበረሃና በባሕር ላይ ስላሉ ወጣቶች፥ እግዚአብሔር እንዲጠብቃቸው።
• በማቆያ ጣቢያ ስላሉት፥ ድምፃቸው እንዲሰማ።
• በደቡብ ወሎና በመላው ክልሉ ሰላም እንዲሰፍን፥ መንገድና ገበያ እንዲከፈት።
• ተመልሰው ሥራ ስለ ጀመሩት፥ የእጃቸው ሥራ እንዲባረክ።
• የፕሮጀክት ሠራተኞች የሚሰማ ጆሮ እንዲኖራቸው።

ወገኖች ሆይ፥ በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤ ስትወጡ በአጠገባችሁ ያለችውን ተመላሽ እኅት «ምን ተምረሽ መጣሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ። የምትሰሙትን ጽፋችሁ በየአጥቢያችሁ ላለው የልማት ኮሚቴ ብትሰጡ፥ የደሴና የኮምቦልቻን የሙያ መዝገብ አብረን እንሞላለን። የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።